አውራ ጣቴን ያሳረፉበት ወረቀት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ አሰላ ውስጥ በቀበሌ ቤት ብቻዬን ስኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

በልጅነቴ ልምሻ ስለመታኝ የምሄደው በእጄ እየተንፏቀቅኩ ነው። ቢሆንም በእጅ በምትዞር የስፌት መኪና የሰው ልብስ እየሰፋሁ ራሴን ችዬ እኖር ነበር። ያስቸገረኝ የደጄ የድንጋይ ደረጃ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ሲይዝ ስንቴ አንሸራቶ ጥሎኛል።

አንድ ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ፎርም ይዞ መጣ። አካል ጉዳተኞች በየቤታቸው ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ከውጭ አገር የእርዳታ ገንዘብ መጥቷል አለኝ። ምን እንደሚያስፈልገኝም ጠየቀኝ። ደረጃው ፈርሶ ተዳፋት እንዲሆንልኝ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥም የምይዘው እንጨት እንዲተከልልኝ ነገርኩት። ከደስታዬ ብዛት ሻይ አፈላሁለት።

ፎርሙን ልየው ስለው ግን «አንቺ ምን አደከመሽ» ብሎ አውራ ጣቴን ያዘና ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ መማሬን አላወቀም። እኔም አፍሬ አልነገርኩትም።

ከእኔ ወጥቶ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ገባ። ኦቦ ቶሎሳ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ገመድ ገምደው፣ ብቻቸውን ገበያ ወስደው የሚሸጡ ሰው። እሳቸው የጠየቁት እስከ ውሃ ቦኖው ድረስ እየዳሰሱ የሚሄዱበት አጥር ነበር። እሳቸውም ጣታቸውን ሰጡ።

ወር ሳይሞላ መኪና መጣ። መጀመሪያ ኦቦ ቶሎሳን አሳፈሯቸው። ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁ ጸሐፊው ራስዎ የፈረሙበት ነው አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከተማው ዳር መጠለያ ተሠርቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነው የምትኖሪው፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አለኝ።

«የፈረምኩበትን አሳየኝ» አልኩት።

ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጠባቂ የሌላት፣ ራሷን ማስተዳደር የማትችል፣ በፈቃዷ መጠለያ ለመግባት የጠየቀች ይላል። ስለ ደረጃው አንድ ቃል የለም።

«ይሄ የለበስከው ኮት በማን እጅ ነው የተጠገነው?» አልኩት።

በዚያ ዘመን የቀበሌን ሰው ደፍሮ መናገር ያስፈራ ነበር። ሆኖም ሁለት ሴት ጎረቤቶቼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጸሐፊው ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ፣ እኔን ከነቤቴ ትቶኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

የኦቦ ቶሎሳም ወረቀት ይነበብ ማለት ትዝ ያለኝ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

በሳምንቱ በጋሪ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ያለ ጠባቂ ከግቢው መውጣት ተከልክለዋል። እጅዎን ይጎዳዎታል ተብለው ገመዱንም ተቀምተዋል።

«አንቺስ አንብበሽ ተረፍሽ» አሉኝ። «ለእኔ ማን ያንብብልኝ?»

ያለመታከት ቀበሌ ተመላለስኩ። ሰሚ አላገኘሁም። ኦቦ ቶሎሳ ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርሱ እዚያው መጠለያው ውስጥ አረፉ።

በቤታችን እንድንኖር በተላከልን ገንዘብ እሳቸውን ከቤታቸው አስወጡ፤ እኔንም ሊያስወጡኝ ነበር። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ያን ቀን የእሳቸውን ወረቀት ሳላስነብብ መኪናውን መልቀቅ አልነበረብኝም።

ጸሐፊው አሁን አርጅቷል። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። አልመልስለትም።