ጉርሻን መቅደም

«በሞቴ!» ብለው የቢሯችን ታላቅ እትዬ ጥሩ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ሲመጡብኝ ዛሬ አልሸሸሁም።

ማራኪ ሰፈር ባለው ቢሯችን ምሳ ዕቃችንን ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን ነው የምንበላው። ስኳሬ ከፍ ማለት ስለጀመረ፣ ጠዋት እየተጣደፍኩም ቢሆን ግማሽ እንጀራ በጎመን መጥኜ እይዛለሁ። ትሪው ላይ ግን ልኬ ይጠፋል፤ የታላቅ ሰው ጉርሻ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ዛሬ «እኔ ላጉርስዎ!» ብዬ ቀደምኳቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬም ደገምኳቸው። በእጃቸው የነበረውን አለቃችን ጎረሰው። 😄 ከዚያ ዙሪያውን አዳረስኩ። የሚያጎርስ ሰው ለራሱ አፍ ጊዜ የለውም!

ትሪው ባዶ ሲሆን እትዬ ጥሩ ሆዳቸውን ይዘው «ለካ እንዲህ ሸጋ ልጅ ነሽ!» አሉኝ።

እናንተስ «በሞቴ»ን በምን ዘዴ ትወጡታላችሁ? የእኔው ይኸው፦ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ይቀደማል እንጂ።