ከአራተኛው ዙር በኋላ ወደ ሀሚድ መንደር

ሐሙስ ጠዋት፣ አሶሳ

ከቤት የወጣሁት ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። የካንሰሩን መድኃኒት በደም ሥሬ ከወሰድኩ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የእኔ አይደሉም፤ አልጋና ኪኒን ይካፈሏቸዋል። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ግን ምግብ ምግብ ማለት ይጀምራል፤ እግሬም በመጠኑ ይታዘዘኛል። አምስተኛው ዙር የተቀጠረው ለሰኞ ነበር። ከቀሩኝ ደህና ቀናት ሁለቱን ለዚህ ጉዞ ሰጠሁ።

ገመቹ እባላለሁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከወለጋ፣ ከጊምቢ በኩል በወጣትነቴ መጥቼ በአሶሳና በባምባሲ ገጠሮች በጤና ረዳትነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ከሌንሳ ጋር አሶሳ እኖራለሁ፤ አስተማሪ ናት። አምና ትልቁ አንጀቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ከዚያም እዚያው እየሄድኩ የምወስደው ስምንት ዙር መድኃኒት ታዘዘልኝ። አራቱን ወስጃለሁ።

ለሌንሳ የነገርኳት የድሮ ወዳጄን ሀሚድን ልጠይቅ እንደምሄድ ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ያልነገርኳት፣ ሰኞ አዲስ አበባ ላለመሄድ መወሰኔን ነበር። በቃኝ ብዬ ነበር። ወደ ሀሚድ የምሄደውም ልሰናበተው ነው።

እሷ ይህን ሳታውቅ ቦርሳዬን አዘጋጀች። ቴርሞሜትር፣ ሶፍት፣ ኪኒን፣ ትንሽ ትራስና አንድ ፔርሙስ ለብ ያለ ውሃ አስገባችልኝ። ትኩሳቴ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ከየትም ቦታ ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንድመለስ አስማለችኝ። ለብ ያለው ውሃ ለቅንጦት አይደለም። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ጣቶቼን መርፌ ይወጋኛል፤ ስጠጣም ጉሮሮዬ የተዘጋ ይመስለኛል። እንደ አሶሳ ባለ ሞቃት አገር፣ ሰው ሁሉ በደግነት ቀዝቃዛ ውሃ በሚያቀርብበት፣ ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የባምባሲ መንገድ

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩና ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ የሁለት ሰው ቦታ ከፍዬ ያዝኩ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለትራሴና ለመዘርጋት። አንጀቱ የተቆረጠ ሰው መንገድ ላይ ከሁሉ የሚፈራው ሽንት ቤት ማጣትን ነው። ስለዚህ ሳንነሳ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብዬ ነገሩን በጆሮው ነገርኩት። ወፍራምና ዝምተኛ ሰው ነው። «አባ፣ ሲያስፈልግዎ ትከሻዬን ይንኩኝ። ሌላው ሰው ምን አገባው» አለኝ።

መንገዱ አስፋልት ነው። በእኔ ዘመን ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። የክትባት ሣጥን በትከሻችን ይዘን ስንሄድ ሀሚድ ከፊት ሆኖ ለእባብ እያለ ሣሩን በበትር ይመታል፤ እኔ የበትሩን ድምፅ ተከትዬ እሄዳለሁ። ከአማርኛ ወደ በርታ ቋንቋ አስተርጓሚዬ እሱ ነበር። በቀን ሦስት መንደር እናዳርስ ነበር፤ ማታ እግራችንን ታጥበን ነገ የትኛውን እንደምንጀምር እንከራከራለን። አሁን በመስኮት የቀርከሃውን ጫካ ሳይ ያ ሰው እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ። ከመኝታ ቤቴ እስከ ግቢው በር ስደርስ የሚደክመኝ እኔ።

ግማሽ መንገድ ላይ የሾፌሩን ትከሻ ነካሁ። ከሰፈራ መንደሮቹ በአንዱ፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት አጠገብ አቆመልኝ። የቤቱ ባለቤት ስልሳ የተጠጉ ሴት ናቸው፤ ንግግራቸው ዛሬም የወሎ ነው። ምንም ሳይጠይቁ ወደ ጓሮ አመላከቱኝ። ስወጣ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ቀዝቃዛ መጠጣት እንደማልችል እየተሸማቀቅሁ ነገርኳቸው።

«አብሽሩ ወንድሜ» አሉኝ። «እኛም በሰፈራ ስንመጣ የዚህ አገር ውሃ አልስማማ ብሎን አልቅሰናል። ውሃ ሰውን የሚለምደው ቀስ እያለ ነው።» ምድጃ ላይ ከነበረው አሞቁልኝ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ጠበቀኝ።

አራት ሰዓት፣ ባምባሲ

እዚህ አጠፋሁ። ሌንሳ ከመኪና እንደወረድኩ ተቀምጬ እንዳርፍ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ገበያውን ሳይ የድሮው ሰው ተነሣብኝ። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች በኦሮምኛ ተጣርተው ሰላም ሲሉኝ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄድኩ ወሬ ጀመርኩ። ድሮ ማንጎ እዚህ አይሸጥም ነበር፤ በየደጁ ወድቆ ፍየል ይበላው ነበር። ዛሬ ሦስቱ ሃያ ብር ነው። ስድስት ገዛሁ። ስዞር ጉልበቴ ከዳኝ። መውደቅ እንኳ አልነበረም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቁልቁል ታጠፍኩ። ሁለት ሴቶች በብብቴ ይዘው የማሽላ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ።

ያ ጆንያ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ትኩሳቴን ለካሁ፤ የለም። ከድካሙ ይልቅ ያቃጠለኝ እፍረቱ ነበር። እዚህ ገበያ ውስጥ ስንቱን ሕፃን በእጄ ይዤ ከትቤያለሁ። ለውሳኔዬ ሌላ ማስረጃ ያገኘሁ መሰለኝ፤ እንዲህ ሆኖ መኖር ለማን ይጠቅማል አልኩ።

ስድስት ሰዓት፣ የሀሚድ ደጅ

ባጃጅ ኮንትራት ይዤ በጠጠሩ መንገድ ገባሁ። ሀሚድ ጥላው ሥር በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ጉልበቱ ታሞ ያለ ምርኩዝ አይነሣም። ለሰላምታ ሊነሣ ሲታገል ደርሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ብዙ ቆየን።

«ዶክተር፣ አንተ ቀጭን ሆነ» አለኝ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ዶክተር ይለኝ ነበር፤ አንድም ቀን ሆኜ አላውቅም።

ባለቤቱ ዘይነብ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ለሳምንታት አፌ ቆስሎ፣ የበላሁት ሁሉ ብረት ብረት ሲለኝ ነበር የከረመው። ባሚያው ግን ልዝብ ነው፤ ገንፎውን ይዞት ይወርዳል። ሳላስበው ሳህኑን ጨረስኩ። ዘይነብ አይታ ጨመረችልኝ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሥር ሰዓት፣ ወደ ማንጎው ዛፍ

ስነቃ ሀሚድ ድሮ ወደምንከትብበት የማንጎ ዛፍ እንሂድ አለኝ። ከደጁ አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ሁለት መቶ ከሄድኩ ጀግና ነኝ፤ እሱም ባለ ምርኩዝ ነው። ሁለታችንም እምቢ ማለት አፈርንና ተነሣን።

አንድ ሃምሳ እርምጃ እንደሄድን ከመጀመሪያው ቤት አንዲት ሴት በርጩማ ይዛ ወጥታ መንገዱ ዳር አስቀመጠች። ተቀመጥን። ስንነሣ ከሚቀጥለው ቤት ደግሞ ሌላ ወንበር ወጣ። ዘይነብ ቀድማ ለጎረቤቶቹ ተናግራ ኖሯል። እንዲህ እየተቀመጥን፣ እየተነሣን፣ በየደጁ ስለሞተውና ስለተወለደው እየሰማን ስንሄድ ሳይታወቀኝ ዛፉ ሥር ደረስን። አራት መቶውንም እርምጃ ሄጃለሁ፤ አልወደቅሁም።

ዛፉ ሥር ሁለታችን ብቻ ስንቀር ነገርኩት። ሰኞ እንደማልሄድ፣ ሰውነቴ እንደተሰላቸ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሌንሳ ሸክም መሆኔን። በየሦስት ሳምንቱ ከሥራዋ ፈቃድ ትወስዳለች። ለእኔ ስትል እንቅልፍ አታውቅም።

ሀሚድ በምርኩዙ መሬቱን ሲጭር ቆየና ያን የክትባት ዘመን አስታውስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ልጆቹ አተኩሰው እናቶች ሁለተኛውን እምቢ ያሉበትን ጊዜ ማለቱ ነው። ያኔ ሦስት ቀን እዚህ ሰንብቼ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። የተጀመረ ካልተጨረሰ እንዳልተጀመረ ነው እያልኩ ለምኛለሁ።

«አንተ በአማርኛ ተናገረ፣ እኔ በበርታ ተናገረ» አለኝ። «እናቶች አንተን አያውቅም። እኔን አመነ። ያ ነገር ውሸት ከሆነ ንገረኝ። እኔ ዛሬ ቤት ለቤት ሄዶ ይነግራቸዋል።»

ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም። ያ ቃል የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም በስሙ ዋስ ሆኖልኝ ኖሯል።

«ለሌንሳ ሸክም መሆኔስ?» አልኩት።

አንድ ክረምት ወባ ጥሎኝ ነበር። ሀሚድና ሦስት ጎረቤቶቹ በገመድ አልጋ ተሸክመውኝ፣ ወንዝ ሞልቶ ሲጠብቁ ውለው፣ ባምባሲ ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ በማግሥቱ ነው። በመካከላችን ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ እኔም ተገቢውን ምስጋና አላቀረብኩም። አሁን ሀሚድ አነሣው።

«ያኔ አንተ ከባድ ነበር» አለ፤ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አሁን ቀላል ነው።»

ሳቅሁ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ ሀሚድ ፊቱን ወደ ማሳው መልሶ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ዓርብ፣ መልስ

ጠዋት ዘይነብ ደረቅ ባሚያ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ሀሚድ እስከ ባጃጁ ተከትሎኝ መጣ። ሁለታችንም የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። እጄን በሁለት እጁ ይዞ በአረብኛ ዱዓ አደረገልኝ። እኔም በራሴ ቋንቋ፣ በልቤ ጸለይኩለት።

ባምባሲ ላይ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ተቀመጥኩ፤ ሳይደክመኝ። ሴቶቹ ራሳቸው ወዳለሁበት መጥተው አወሩኝ። ሚኒባሱ አሶሳ ሲገባ ሰባት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ማታ ራት ላይ ለሌንሳ ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ጠርጥራ እንደነበር አመነችልኝ፤ ለሰኞው ጉዞ የሆስፒታል ካርዴን ፈልጊልኝ አለማለቴ አሳስቧት ነበር። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «አባዬ፣ ፈቃድ የምወስደው አንተን ለማስታመም ብቻ አይደለም። ካንተ ጋር ሙሉ ቀን የምውለው ያን ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር።

ሠላሳ ዓመት በእግሬ ስዞር የሰውን ቤት አንኳኳሁ እንጂ ወንበር አምጡልኝ ብዬ አላውቅም። መጠየቅን ሳልማር ነው ያረጀሁት። አሁን በስተርጅና የጀመርኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ ከድካም በፊት መቀመጥ፣ ለብ ያለ ውሃ ሳያፍሩ መጠየቅ፣ ያልቻሉትን አልቻልኩም ማለት። ጉልበቴን ድሮ እንደነበረው ስፈልገው ያለኝንም አጠፋው ነበር።

ባለፉት አራት የአዲስ አበባ ጉዞዎች የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች የሚገፋ ወንበር ሲያቀርቡልኝ እምቢ ብዬ እስከ አውሮፕላኑ በእግሬ ሄጃለሁ። ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አዲስ አበባ እስክንወርድ ከሌንሳ ጋር ቃል አንለዋወጥም ነበር። ሰኞ ጠዋት አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ራሴ ወንበሩን ጠየቅሁ። እየተገፋሁ ሄድኩ። ያን ጊዜ ያተረፍኩትን ትንፋሽ ሁሉ፣ ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ፣ ስለ እናቷ ለሌንሳ ሳወራት ጨረስኩት።