ቫስከሪው ውስጥ የከረመው ሽልማት

ባለፈው ሳምንት ካደግሁበት የኦስሎ ሰፈር፣ ከአመሩድ፣ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ያደግሁበትን ፎቅ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሰው፣ ቫክትሜስተሩ ነበር። ምድር ቤት ያለው የጋራ ቫስከሪ፣ የሁላችንም ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሊዘጋ ነው አለኝ። ዛሬ ሁሉም በየቤቱ ማሽን ስላለው ወደዚያ የሚወርድ ጠፍቷል። መደርደሪያው ላይ ከሳሙናው ጎን አንድ የመስታወት ነገር አግኝቷል፤ የሬዲዮ ሽልማት የሚል ጽሑፍ አለበት፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ የእናቴ፣ የአስካለ ነው ይለዋል። ልጣለው ወይስ ትወስጂዋለሽ ብሎ ጠየቀኝ።

«እንዳትነካው» አልኩት። ሳልቆጣው አልቀረሁም። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ?

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ ወዲህ ባለው የመጀመሪያ አሥር ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጋዜጠኝነት እማር ነበር፣ በኦስሎ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ታምራት የሚያዘጋጁትን የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም አግዛለሁ። ጋሽ ታምራት በሥራ ቀን አረጋውያን ይጦራሉ፣ እሑድ መዘምራን ይመራሉ፣ ቅዳሜ ሬዲዮ ናቸው። ስቱዲዮው ግድግዳው በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነበር። ከእኛ በፊት የስሪላንካ ታሚሎች፣ ከእኛ በኋላ ጡረተኞች ይገቡበታል፤ ወንበሩ ሁሌም በሰው ሙቀት እንደሞቀ ነው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እንደ ኖርዌጅኛው «አንተ» ብያቸው እናቴ ክንዴን ቆንጥጣኛለች። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ናቸው።

ስለ እናቴ ለመናገር አንድ የማፍርበትን ነገር ማስቀደም አለብኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እናቴ ከሆስፒታል ጽዳት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ፣ አስተማሪዬ ፊት ቁጭ ብላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ስለ እኔ መናገር ጀመረች። የክፍሌ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር። «ተይው እማዬ፣ እኔ ልናገር» አልኳት። ተወችው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት አንዲት የኖርዌጅኛ ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ሱቅ ስንገባ ክንዴን ነካ ታደርገኛለች፣ እኔ እናገራለሁ። ዓመታት ሲያልፉ ቋንቋውን የማትችል መሰለኝ። ዝም ያሰኘኋት እኔው መሆኔንም ረሳሁት።

በዚያ መከር ጋሽ ታምራት የሰፈሩን ድምፅ ቀድተሽ አምጪ ብለው መቅረጫውን ሰጡኝ። በረዶ ገና አልጣለም፤ እርጥብ ቅጠል ግን መንገዱን ሁሉ አንሸራታች አድርጎት ነበር። ከብርዱ ሽሽት የማሽን ድምፅ ልቀዳ ወደ ቫስከሪው ወረድኩ። ቫስከሪ የራሱ ሕግ አለው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ ትንሽ ቁልፉን በሚያጥብበት ቀንና ሰዓት ላይ ይቆልፋል። ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ሰው በሰፈሩ ዘንድ ከሌባ ብዙም አይሻልም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ አንዲት ሴት በኖርዌጅኛ ትከራከራለች። እናቴ ናት።

ተከራካሪዋ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው አርነ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በትራም ሹፌርነት ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። አሥር ደቂቃ አሳልፈሻል ይላታል። እሷም፣ ማሽኑ ዘግይቶ ጀመረ እንጂ እኔ አልዘገየሁም፤ ይልቅ ባለፈው ሳምንት ካልሲህን ረስተህ ስትሄድ ማን አሰጣልህ ትለዋለች። ሰዋስዉ አንዳንድ ቦታ ይሰበራል፣ ነገሩ ግን አይሰበርም። አርነ «አዎ፣ እሱስ እውነት ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቡናማ አይብ ያለበት ዋፍል የሚሉትን ለስላሳ ቂጣ አወጣ፣ እሷም ከቴርሞሷ የቀረፋ ሻይ ቀዳች፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለካ ይህን ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ መጀመሪያ ጠብ፣ ከዚያ ዋፍል። እናቴ የመጀመሪያ ክረምቷን ነገረችው። እንደ አዲስ አበባ መስሏት ልብሱን በረንዳ ላይ አስጥታ አደረች። ጠዋት ስትወጣ የአባቴ ሱሪ በረዶ ሆኖ ደርቆ፣ ሰው እንደለበሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቃት። ደንግጣ «እንደምን አደርክ» እንዳለችው ስትነግረው አርነ እስኪያስለው ሳቀ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ እየቀዳ ያለውን መቅረጫ ይዤ ቆሜያለሁ። አፈርኩ። ደግሞም እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም።

በሬዲዮ እንዲተላለፍ ሁለቱንም ፈቃድ ጠየቅሁ። አርነ ሳሉን ካወጣሽልኝ እሺ አለ። እናቴ አንድ ሳምንት ሙሉ «ናይ»፣ አይሆንም አለች። «በዚህ በተሰባበረ አፌ የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» አለችኝ፤ አፍሽ የተሰባበረ ነው ብሎ ያስተማራት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሽ ታምራት ቤት ድረስ መጥተው ለመኗት። በመጨረሻ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ፈቀደች፤ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚሰማው ከሆነ እሷም እዚያው ትገኛለች። ከሳቁብኝ ፊታቸውን ልየው አለች።

ፕሮግራሙ ተላለፈ። ጋሽ ታምራት በየዓመቱ ለምርጥ የሬዲዮ ሥራዎች ወደሚካሄደው ውድድር ላኩት፣ ለመጨረሻው ዙርም አለፈ። እናቴ ቃሏን አልረሳችም። ዝናብና በረዶ ተደባልቆ በሚወርድበት የኅዳር ከሰዓት እናቴ፣ አርነ፣ ጋሽ ታምራትና እኔ፣ አራታችን በምድር ባቡር ወደ መሃል ከተማ ሄድን፤ ጫማችን በፌስታል፣ ቦቲው በእግራችን። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷ ላይ የላባ ካፖርት ደርባለች። አዳራሹ ውስጥ ጥሬ ዓሣ የተቀመጠበት ቁራሽ ዳቦ ይዞራል፤ ጋሽ ታምራት አንዱን አንሥተው፣ አገላብጠው አይተው፣ በትሕትና ለአርነ አቀበሉት።

ከየሥራው ቅንጫቢ ተሰማ። የእኛ ሲደርስ ሱሪው በረንዳ ላይ ቆመ፣ አዳራሹም በሳቅ ተናጋ። ወደ እናቴ ዞርኩ። እንዳለችው የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ እያየች ነበር። አይታ ስትጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በእኔ አይደለም» አለችኝ። «በሱሪው ነው።»

ትንሽ ቆይቶ የፕሮግራማችን ስም ተጠራ፤ አሸነፍን። ጋሽ ታምራት ተነሺ ሂጂ፣ ሥራው ያንቺ ነው አሉኝ። እርስዎ እያሉማ አይሆንም አልኩ። እሳቸው ወንበሬን ይስባሉ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ አነሣቸዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ንግግሬን መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ሦስት ቀን ተለማምጃለሁ። ግን በመጀመሪያው ግብዣ ብድግ ማለት ብልግና ነው፣ በሁለተኛውም ያው ነው፣ ሦስተኛው ላይ ነው ሰው እሺ የሚለው። ሐበሻ በር ላይ «ግቡ፣ ግቡ» ሲባባል ያየ ያውቀዋል። መድረክ መሪዋ ግን አታውቅም። አዳራሹን ቃኘችና አልመጡም መሰል፣ እንልክላቸዋለን ብላ የሚቀጥለውን ፖስታ አነሣች።

እናቴ ተነሣች። ካፖርቷን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሳትቸኩል እስከ መድረኩ ሄደች። ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ በኖርዌጅኛ ተናገረች፤ እኔ እየሰማኋት።

«መጥተናል። እዚያ ያሉት ሁለቱ እየተከባበሩ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጊዜ ይፈጃል። እስኪጨርሱ እኔ ልያዘው።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው አርነ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሁለት ቦታ ሰዋስው ስታለች፤ ሰምቻለሁ፤ እንባዬን ጠረግሁ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

በባቡር ስንመለስ ሽልማቱ ለእርስዎ፣ የለም ላንቺ ስንባባል እናቴ ሰለቻት። እስክትስማሙ ብላ ቫስከሪው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም አልነካውም። እኔ ከዚያ ወዲህ በሬዲዮም በፖድካስትም ሌሎች ሽልማቶች አግኝቻለሁ፤ ስሜ በተጠራ ቁጥር ብድግ ብዬ ተቀብያለሁ። ኖርዌጂያን ሆኛለሁ ማለት ነው።

ትናንት ሄጄ አመጣሁት። አርነ ካረፈ ቆይቷል፣ ቁልፉ ግን ሰሌዳው ላይ እሮብ ከሰዓት ቦታው ላይ ተንጠልጥሏል። ከባቡሩ ሆልምሊያ ለሚኖሩት ለጋሽ ታምራት ደወልኩላቸው። ያንቺ ነው አሉኝ። የእርስዎ ነው አልኳቸው።

እናቴ አሁን ላምበርትሴተር ነው የምትኖረው። የመስታወቱን ሽልማት ተቀብላ የሳሙናውን ብናኝ በእጅጌዋ ጠረገች።

«ተስማማችሁ?»

«ገና ነን፣ እማዬ።»

መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤቷ ብቅ ብላ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ ወንበር ሳበችላትና ታሪኩን ከሱሪው ጀምራ በኖርዌጅኛ ታወራላት ጀመር። እኔ ሻይ ቀድቼ፣ ዝም ብዬ አዳመጥኳት።