ጥጋቡ በኡስታዙ ቀና

ጥጋቡ በሚስቱ ቀንቶ ቢሆን ይሻለው ነበር። ለዚያስ ወግ አለው፤ ይኮረፋል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል። እሱ ግን የቀናው በልጁ በህሊና ነው። ያስቀናውም ጎረምሳ ቢሆን ደግ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ የፊት ጥርሱ የረገፈ የኦምዱርማን የታሪክ አስተማሪ ነው። ይህ ለየትኛው ሽማግሌ ይነገራል?

ጥጋቡ ጎንደሬ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ሰባት ዓመት አስጎብኚ ነበር፤ ፈረንጁን በእንግሊዝኛ፣ የአገሩን ሰው በአማርኛ እያሳቀ ከግንብ ግንብ ሲያዞር የኖረ ሰው። ካርቱም የመጣው ለስድስት ወር ብሎ ነበር፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመቱ። አሁን ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላሜራ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ህሊና እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። አማርኛ ስትናገር እንደ ሰው ዕቃ እየተጠነቀቀች ነው። ጎንደርን አይታ አታውቅም።

አሮጌው መንግሥት በወደቀ በዓመቱ፣ ካርቱም ገና ተስፋዋን ሳትጨርስ፣ የየሰፈሩ ወጣቶች ግድግዳ መቀባትና መንገድ መጥረግ ያዙ። የታሪክ አስተማሪው ኡስታዝ ባቢክርም "ከተማችሁን ሳታውቁ ነው አገር የምትለውጡት?" ብሎ በየጁምዓው፣ ዓርብ ዓርብ ማለት ነው፣ ወጣቶቹን አሮጌውን ኦምዱርማን በእግር ማስጎብኘት ጀመረ። ህሊና ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር አንድ ጊዜ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ቤት የሚያውላት ጠፋ።

መሄዷስ ይሁን፤ ጉዱ ስትመለስ ነው። "ኡስታዝ እንዲህ አለ፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ይሄ የከተማው ቅጥር በር ነበር፤ ያኒ በዚህ ቀዳዳ ወደ አባይ ይተኩሱ ነበር" እያለች እራቱ እስኪነሳ ታወራለች። ጥጋቡ እጁ መሶቡ ላይ ይቀራል። እሱ ስለ ጎንደር አፉን ሲከፍት ስልኳን የምትነካካ ልጅ፣ ለጭቃ ግድግዳ እንዲህ ዓይኗ ይብራ?

"የእኛ እኮ ድንጋይ በኖራ ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው" ይላታል።

"አውቃለሁ አባዬ" ትለውና ወደ ኡስታዟ ትመለሳለች።

ሚስቱ ስንቅነሽ ደግሞ የባሰባት ናት። "ተዋት እስቲ። ያንተ ግንብ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ልጅቷ የምታየውን ትውደድ እንጂ" አለችው አንድ ቀን። ቆሽቱ አረረ። ሰውዬው ልጄን ወሰዳት፣ እኔም አገሬ ጎንደርም ለእሷ ምንም ሆነን ቀረን፣ አለ በሆዱ።

ሦስት ወር እንዲህ ሆኖ ከረመ። ጥር ላይ ኡስታዙ "እስቲ ሐበሾቹንም ላስጎብኝ፤ ህሊና ታስተረጉማለች" አለ። አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች በዕረፍት ቀናቸው ስምንት ሆነው መጡ። ጥጋቡም ያችን አንድ ደህና ጃኬቱን ለብሶ ከኋላ ተከተለ። ሊማር እንዳይመስላችሁ፤ የሰውዬውን ሙያ ሊመዝን ነው።

መዘነውም። የሰውዬው ድምፅ አይሰማም። ደግሞ እንግዳውን ፀሐይ ላይ ገትሮ ራሱ ጥላው ውስጥ ይቆማል። "አስጎብኚ እንግዳውን ጥላ አስይዞ ፀሐዩን ራሱ ይቀበላል። ይህን ያላወቀ ምኑን አስጎበኘ?" ብሎ አጉረመረመ፤ የሰማው ግን የለም። ልጁ የሰውዬውን የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ፣ ከአፉ የሚወጣውን እየለቀመች ታስተረጉማለች። የጥጋቡን ውሃ እንዲህ ይዛለት አታውቅም።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ሱዳንን ይገዛ ከነበረው ከኸሊፋው ቤት ሲደርሱ ኡስታዙ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ህሊናም ተከትላ፣ "ትእዛዝ ከዚህ ቤት ወጣ። ጦራችን ጎንደር ገባ። ከተማውን አቃጠለ፤ ቤተ ክርስቲያኑንም። ኡስታዝ፣ ይሄን ስናገር አልኮራም ይላል" አለች።

ጥጋቡ ጆሮ ውስጥ የቀረው "ጦራችን" ያለችው ብቻ ነው። ጎንደርን ያቃጠለው ጦር ለልጄ የእኛ ሆነ? አለ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ምንዳዬ፣ ዞር አለችና "ጋሼ ጥጋቡ፣ እርስዎ ጎንደሬ አይደሉ እንዴ? እስቲ የእኛንም ይንገሩን" አለችው።

ይቺን ቀን ሲጠብቅ አልነበር? ሴቶቹን በክንዱ እየመራ ወደ ግድግዳው ጥላ አስገባቸውና ራሱ ፀሐይ ላይ ቆመ። "ወደ ፋሲል ግቢ እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ። የጥንቱ ድምፁ መጣለት። አራቱን ክብ ማማዎች በእጁ አቆማቸው፤ የሰገነቱን ነፋስ አስነፈሰባቸው። ኡስታዙ ሳይቀር፣ ቋንቋውን ባይሰማም፣ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ጥጋቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። "ከዚህ ስንወጣ ደግሞ" አለ፤ "ከዚህ ስንወጣ..."

ጠፋው። ሰባት ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ የተናገረው ጠፋው። የማን ግንብ ነበር? ቤተ መጻሕፍቱ ነው? የሙዚቃው አዳራሽ? ቀና ሲል ኡስታዙ በሐዘኔታ እያየው ነው። ይህን ከማየት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"የአፄ ኢያሱ ነው አባዬ" አለች ህሊና ቀስ ብላ። ቀጠለችም። "እዚህ ጣሪያ የለም፤ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። ድሮ ግን ውስጡ የዝሆን ጥርስና መስታወት ነበር ይባላል። ደረጃው ያንሸራትታል፤ ሹዋያ ሹዋያ፣ በቀስታ።" አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ግን ምንዳዬ በደልዳላው መሬት ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ ተራመደች። ጥጋቡን በሰባት ዓመቱ አንድም እንግዳ እንዲህ አላዳመጠውም። ምቀኛ ልብ፤ አሁን ደግሞ በገዛ ልጁ ቀናባት።

"መቼ ነው የሄድሽው?" አለቻት ምንዳዬ።

"አልሄድኩም። ልጅ ሆኜ ወባ ሲይዘኝ አባዬ እጄን ይዞ በግቢያችን ያዞረኝ ነበር። የውሃ በርሜሉ የፋሲል ግንብ ነው። ልብስ ማስጫው ጋ ስንደርስ ኢያሱ። ደረጃ አለ፣ ተጠንቀቂ ይለኛል፤ ደረጃ ግን የለም። እሱ ነው ያስጎበኘኝ።"

ጥጋቡ ይህን ጨርሶ ረስቶት ነበር። ጃኬቱን ያለ ምክንያት ቆለፈ፤ መልሶ ፈታው።

ህሊና ያለችውን ለኡስታዙ በዓረብኛ ነገረችው። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በረጅም ጀላቢያው ጫፍ ጠረገ። "ሦስት ልጆች አሉኝ" አለ፤ "ሦስቱም ዱባይ ናቸው። አንዳቸውም ይህን ቤት አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም።" ከዚያ ጥጋቡን ከእግር እስከ ራሱ ገርመም አድርጎ አየውና ፊቱን አዞረ።

ጥጋቡ ያቺን አስተያየት አልሳታትም። ራሱ ሦስት ወር ሙሉ ሰውዬውን በሆዱ ያየባት የቅናት ዓይን ናት።