ሦስት ጊዜ የተቀረጸ ፍቺ

ከሚሴ ውስጥ ቴሌቪዥን የሌለው የቴሌቪዥን ድርጅት ነበረ ብል ማን ያምነኛል? ነበረ። «ጨፋ ብርሃን የፊልምና ቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን» ይባላል። ቢሮው ከእኔ ቪዲዮ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ታፔላው ከበሩ ይሰፋል። መሥራቹ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ደራሲው፣ ዳይሬክተሩና ዋናው ተዋናይ አንድ ሰው ነው፤ ጀይሉ። ክፍሏን የሰጠሁት እኔ ሸምሱ ነኝ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

ጀይሉ ሲፈጥረው ዘፋኝ ነው። ከባቲ እስከ ሰንበቴ የእሱ ኦርጋን ያልገባበት ሰርግ አልነበረም። ዘፈኑን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ የት ላይ እንደተሻገረ እንኳ አይታወቅም። ታዲያ የጨፋ ሮቢቷን ሳሚያን አገባ። ሳሚያ ደግሞ ባሏ በየሰርጉ የሰው ሴት ሲያስጨፍር መዋሉ አንገበገባት። ወይ እኔን ወይ ኦርጋኑን አለችው። ሸጠው። ገዢው ጭኖት ወደ ባቲ ሲሄድ ጀይሉ መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አየ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ብዬ አደነቅሁት። ሞኝ ነበርኩ።

በሳምንቱ ካሜራ ይዞ መጣ። ምነው ስለው፣ የተከለከልኩት ኦርጋን ነው፣ ስለ ካሜራ የተነሳ ነገር የለም አለኝ።

የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ፊልም ልሥራ ባይ ሆኗል። ጀይሉም ጻፈ። ሳዑዲ ሄዶ የከበረ ሰው ተመልሶ መጥቶ በድህነቱ ጊዜ ያገባትን ሚስቱን ይፈታል፤ ታሪኩ ይኼው ነው። ችግሩ ሴት ነው። የትኛው የከሚሴ አባት ነው ልጁን ከባዕድ ወንድ ጋር ካሜራ ፊት የሚያቆም? ስለዚህ የጀግናው እናት ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሐጅ ላይ ናቸው፤ እህቱ ጅዳ ሆና በስልክ ብቻ ታወራለች። ሚስቲቱን ግን ወደየትም መላክ አልተቻለም። የገዛ ሚስቱ ሳሚያ ተጫወተችው፤ ከሌላ ሴት ጋር ከማየው እኔው ልቁም ብላ።

የፍቺውን ቦታ ቦርከና ወንዝ ዳር ቀረጹት። ካሜራ ያዡ ሙኒር ነው፤ ደሴ ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ልጅ። ጀይሉ «ሳሚያ፣ ፈትቼሻለሁ» አለ፤ የጀግኒቱን ስም እንኳ አልቀየረም፣ ስንፍናው! የሮቢት ገበያ ከብት በመሀል አለፈና ተበላሸ። ደገመው፤ ጨው አቀብዪኝ የሚል ነው የሚመስለው። ሙኒር ተበሳጨና በሕይወትህ ያቃጠለህን ነገር አስብና ተናገር አለው። ጀይሉ ወንዙን አየ። ከዚያ ሦስተኛውን ሲናገር ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳሚያ አለቀሰች፤ እኛ አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ፊልሙ ቪዲዮ ቤቴ ውስጥ ታየ። እውነቱን ልናገር፣ ጀይሉ ትወና አይችልም። ሲስቅ ጥርስ ሐኪም ፊት የቆመ ይመስላል። ሰዉ ሲያዛጋ ቆየና ፍቺው ላይ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሽማግሌ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ሙኒር በዚህ ኩራት ቢነፋው፣ በቀላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያስባልኩት ብሎ ለፈለፈ።

ሦስት ጊዜ! ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይላሉ። በማግስቱ ከተማው ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። በሦስት ፍቺ ሴት ለባሏ ሐራም እንደምትሆን የማያውቅ ማን አለ? ሳሚያ መጋረጃ ከለለችና ጉዳዩ እስኪለይለት ወዲህ እንዳትሻገር አለችው። ጀይሉ ቢሮው ማደር ጀመረ። ያ ዘፋኝ ሰውነቱ አለቀ፤ እህል አይቀምስም፣ ሲያዩት ያሳዝናል። እኔም አዘንኩለት፣ ከልቤ።

በመጨረሻ ሼህ አብዱልሰመድ ጋ ሄድን። ሼሁ ነገሩን ሰምተው፣ ያላየሁትን አልፈርድም፣ ፊልሙን አሳዩኝ አሉ። ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ፤ የሕንድ ተዋናዮቹን ፎቶ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሳሚያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሼሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳይሉ አዩ። አዪ፣ ያ የጀይሉ ገንፎ ትወና እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኼ ልጅ እየተጫወተ መሆኑን ዕውር ያውቃል አሉ ሼሁ፤ እፎይ አልኩ። ፍቺው መጣ። አስደገሙት። ከዚያ ወደ ጀይሉ ዞሩ።

«በቀረው ሁሉ መጫወት ያልቻልክ፣ እዚህ ላይ ምን አገኘህ ልጄ? ምን እያሰብክ ነበር? ወላሂ ብለህ ንገረኝ።»

በሆዴ ዋሽ፣ ዋሽ እለዋለሁ። ምንም አላሰብኩም ቢል ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ግን ወላሂ ከተባለ ወዲያ ማን ይዋሻል?

«ወላሂ፣ ኦርጋኔን ነው ያሰብኩት» አለ፤ ቀና ብሎም አላየ።

ሼሁ ፊታቸው በራ። እንግዲያው ቁጣህ ከዕቃው ጋር ነው፣ ሚስትህን አልነካም፣ ፍቺ የለም ሊሉ ጀመሩ። ከኋላ ሳሚያ አቋረጠቻቸው።

«ያስሸጥኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ያ ሼህ።»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ኒካ ማሰር፣ ፍቺ፣ የፈቱትንም መመለስ፣ እነዚህ ሦስቱ ቀልዳቸውም ቁም ነገር ነው አሉ። ካሜራ ፊት ካልካቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፊልሙ ሰው ቃል እንጂ ያንተ አይደሉም፣ ይቅሩ፤ ሦስተኛውን ግን ልብህ ስላለበት ለጥንቃቄ እንደ አንድ ፍቺ እንቆጥረዋለን፤ አንድ ፍቺ ደግሞ ይመለሳል፣ ምስክር ፊት መልሼሻለሁ በላት አሉት።

እኔና ሙኒር ምስክር ሆነን ቆምን። ጀይሉ ተነሳ፤ ላቡን ጠረገ።

«ሳሚያ፣ መልሼሻለሁ» አለ።

ወይ ጉድ! ድምፁ ደረቀ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያች ከቦርከናዋ በቀር በፊልሙ ሁሉ ያየነው ጀይሉ ቁጭ!

ሼሁ አልሀምዱሊላህ፣ ጸንቷል አሉ። ሳሚያ ግን ፊቱን ብቻ ነበር የምታየው።

«ለሼሁ ጸንቷል» አለችው። «ይኼኛውስ ትወና ነው?»

ሳሚያ መልሱን ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቤት ቀድማው ወጣች፤ እሱም ከኋላ ከኋላዋ ሄደ።