የመጨረሻው ወንበር ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልታመመበትም፣ ማንም አልተዳረበትም፤ ነገሩ ሁሉ ስለ አንድ የአውቶቡስ ወንበር ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ግን ስለ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በጥንቃቄ ልሞክረው።

ኮሌጁ ያለው ዴንቨር ነው፤ እኔ የምኖረው አውሮራ፣ ከቤተሰቦቼ ጋር። ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ክፍል ሲያልቅ እመለሳለሁ። ዶርም የሚያድሩት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተግባብተው አብረው ምሳ ሲበሉ እኔ ገና ስማቸውን እያጠናሁ ነበር። በር እይዝላቸዋለሁ፣ የክፍል ማስታወሻዬን አውሳቸዋለሁ፤ አመስግነውኝ ይሄዳሉ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ትርፍ ቲኬት አለኝ ብላ ወደ ኮሌጁ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ወሰደችኝ። እስከዚያ ቀን ስለ በረዶ ሆኪ የማውቀው ተጫዋቾቹ የፊት ጥርስ እንደሌላቸው ብቻ ነበር። ተማሪዎች የምንቆመው ከግቡ ጀርባ ነው፤ መቀመጫ አለ፣ የሚቀመጥ ግን የለም። ከበሮ ይመታል፣ የተቃራኒው ቡድን ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ሁላችንም ጀርባችንን እናዞራለን። ፓክ የሚሉትን ጥቁር ጎማ ዓይኔ ሊይዘው ስላልቻለ ሰው ሲጮህ እየጠበቅኩ እጮህ ነበር። ግብ ሲቆጠር የማላውቃት ልጅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቤት ስደርስ እናቴ ጉንጬ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከተጠመጠመችብኝ ልጅ ፊት የተላለፈ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም። በሦስተኛው ሳምንት ዘግይቼ ስደርስ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ላይ የሰው ሹራብ ተዘርግቶ አገኘሁና ወደ ኋላ ልሄድ ስል፣ አንዱ ሹራቡን አንስቶ፣ “ላንቺ ነው የያዝነው” አለኝ። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ደጋፊዎቹን የምትመራው አራተኛ ዓመት ተማሪ ነች። ረጅም ነች፣ የፊቷን ግማሽ ቀይ ትቀባለች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አይጠፋም፤ ሁሉም ካፒቴን ይላታል። ተማሪ ያልሆኑም አሉ። ከፓርክ ሂል ሰፈር የሚመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት ከጨዋታ በፊት ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው፣ ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ለመጣው ሁሉ በጭልፋ ያድላሉ። ቡድኑን ተከትለው ስንት ክፍለ ሀገር እንደነዱ፣ የትኛው ከተማ ላይ በረዶ እንደያዛቸው፣ የትኛው ላይ ተሸንፈው ሳይነጋገሩ እንደተመለሱ ያጫውቱናል። ሴትዮዋ አንድ ቀን ሳህኔን እየሞሉ፣ ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት ማንም ያያል፣ ደጋፊ የሚታወቀው መንገድ ሲወጣ ነው አሉኝ። ስለዚህ የኅዳሩ ጉዞ ሲነገር፣ ማለትም ከኛ በስተደቡብ ያሉት ባላንጣዎቻችን ጋ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ድረስ በአውቶቡስ እንደሚኬድ ስሰማ፣ ከምንም ነገር በላይ የፈለግኩት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ መሆን ነበር።

ካፒቴን ደብተሯን ይዛ መጣች። “አንድ ወንበር ቀርቶኛል። ትመጫለሽ?”

“አይ፣ ግድ የለም፤ ለሌላ ሰው ስጪው” አልኳት።

እንዲህ ያልኩት ስላልፈለግኩ አይደለም። እኛ ቤት የተጋበዘ ሰው ዘሎ እሺ አይልም። አንዴ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፤ ሁለተኛ ላላ አድርጎ እምቢ ይላል፣ “በሞቴ” ይባላል፤ ከዚያ ይቀበላል። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስንሄድ ለመጀመሪያው ግብዣ እጄን ከዘረጋሁ የእናቴ ዓይን ይመልሰኛል። እና ፈገግ ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ካፒቴን እሺ አለች፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና ቀጥሎ የቆመውን ልጅ ጠየቀች። ልጁ ቃሏ ሳያልቅ እሺ አለ። ስሙን ስትጽፍ እኔ እዚያው ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ተናገርኩ።

“ስንት ጊዜ ጠየቀችሽ?” አለች እናቴ።

“አንዴ።”

“አንዴ ብቻ? በሞቴ እንኳ ሳትል?” እናቴ ከልቧ ተቀየመች። “ተያት። እንዲህ አድርጎ ከሚጠራ ሰው ጋር ምን ያስኬድሻል።”

አባቴ ግን እስኪያስለው ሳቀ። እሱ መንገደኛ ከአየር ማረፊያ ሲያመላልስ ዓመታት ስለቆጠረ እናቴ የማታየውን ያያል። ሥራ በጀመረ ሰሞን አለቃው ምሳ ቢጋብዘው በልቻለሁ ብሎ፣ አለቃው ፊት ለፊቱ ሳንድዊች ሲበላ በረሃብ እንዳየው ነገረን። “ይሄ አገር አንዴ ነው የሚጠይቅሽ” አለኝ። “በይ ሄደሽ እፈልጋለሁ በያት።”

እፈልጋለሁ ማለት ቀላል ይመስላል። ሰኞ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ካፒቴንን ቤተ መጻሕፍት አገኘኋትና ጉዞውን እንደምፈልግ፣ የመጀመሪያው እምቢታዬ እምቢታ እንዳልነበረ አስረዳኋት። ግራ ገብቷት ሰማችኝ፤ አዘነችልኝም። ወንበሩ ግን ሞልቶ ነበር። ስሜን ተጠባባቂዎች ውስጥ አስገባችው። አንድ ሰው ከቀረ ለሁላችንም እኩል ቴክስት እንደምታደርግና መጀመሪያ የመለሰ እንደሚሄድ ነገረችኝ።

ያንን ሳምንት ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ገላዬን ስታጠብ እንኳ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ማክሰኞ ምንም። ረቡዕ ምንም። ሐሙስ ከሰዓት ከታናሽ እህቴ ጋር ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ስንሠራ ስልኩ ጮኸ። አንድ ወንበር ተለቋል፣ ማን ይፈልጋል ይላል።

“እኔ እፈልጋለሁ፣ ግን ከኔ የበለጠ የሚፈልግ ሰው ካለ...” ብዬ ስጽፍ እህቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ እንግሊዝኛ ነው።

“ኦ ማይ ጋድ። ጀስት ሴይ ‘ሚ’።”

ከ“ግን” በኋላ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ላክኩት። ሌላ ሰው ደግሞ ወዲያው መለሰ፤ ቀጥሎ ሌላ። ማን እንደቀደመ አላወቅኩም። እህቴ እርሳሷን ነክሳ ታየኛለች። ከዚያ የካፒቴን መልስ መጣ፤ የቀደምሽው አንቺ ነሽ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ይላል። ስነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። እናቴ ድንጋጤ ያዛት፤ ስትሰማ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

“አውቶቡሱ ስንት ሰው ይይዛል?”

“ሃምሳ።”

“ጾሙ ሰኞ ይገባል” አለችና የተፈጨ ሥጋ ከፍሪዘር አወጣች።

ቅዳሜ አባቴ መኪናውን ከአውቶቡሱ አጠገብ ፓርክ አድርጎ ሁለት ትልልቅ ትሪ ሳምቡሳ አሸከመኝ። ከተማውን ለቀን ሊትልተንን ስናልፍ ፀሐይ ነበር፤ በስተቀኝ ተራሮቹ አናታቸው ነጭ ሆኖ አብረውን ይሮጣሉ። ከበሮው አውቶቡስ ውስጥም አልቆመም። ትሪውን ይዤ ከፊት ወንበር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየኋት ካፒቴን ናት፤ አመስግና እንደማትፈልግ ነገረችኝ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

“አንድ ብቻ።”

“አልፈልግም አልኩሽ እኮ።”

“ገና አንዴ ነው ያልሽው።”

ትሪውንና እኔን አየች። ከዚያ ገባትና፣ ጉንጯ ላይ የደረቀው ቀለም እስኪሰነጠቅ ሳቀች። “ታዲያ አንቺን ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?”

“ሦስቴ።”

ሁለት አነሳች። ከኋላዋ ያሉት የሚሆነውን ስለሰሙ ሳልለምናቸው ወሰዱ፤ አንዱ ልጅ ብቻ ደስ እንዲለኝ ብሎ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። መንገዱን ሳናጋምስ ትሪዎቹ ባዶ ሆኑ።

የባላንጣዎቻችን አዳራሽ ውስጥ የተሰጠን አንድ ጥግ ነው። ሃምሳችንና፣ በመኪናቸው ተከትለውን የመጡት የፓርክ ሂል ባልና ሚስት፤ የቀረው ሕዝብ ሁሉ የነሱ። ፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ትልቅ የላም ደወል እያንቃጨለ ዘወር ብሎ፣ በትሕትና፣ ለመልሱ መንገድ የእንባ መሐረብ ይዘን እንደሆነ ጠየቀን። ካፒቴን ለእናንተ ብለን ነው ያመጣነው አለችው። ግን ወዲያው አገቡብን፤ ደገሙን። ሰውዬው በየግቡ ዘወር ብሎ መሐረብ አራገበልን። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ አገባን። ከዚያ ሊያልቅ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር አሠልጣኞቻችን ግብ ጠባቂያችንን አስወጥተው በእሱ ምትክ አጥቂ አስገቡ፤ እንዲህ እንደሚደረግ አላውቅም ነበርና ግባችን ባዶ ሆኖ ሳየው ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም። ጎማው ከሰው እግር ሥር ሾልኮ መረባቸውን ነካ። እኩል።

በጭማሪው ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። የኛ አንዱ ከጥግ ወጥቶ ወደ ግቡ ሲዞር ፓኩን በዓይኔ እንደያዝኩት ገባኝ፤ ከዱላው ሲነሳ፣ በግብ ጠባቂው ትከሻ ላይ ሲያልፍ፣ ሁሉንም አየሁት። የሆነ ድምፅ ከአፌ ወጣ። እልልታ ነበር። ሠርግ ላይ እናቴና እህቶቿ ሲሉት እንጂ እኔ ብዬው አላውቅም። ባለደወሉ ሰውዬ ማንቃጨሉን ትቶ አፉን ከፍቶ አየኝ። የፓርክ ሂሏ ሴትዮ ክንዴን ጨብጠው፣ “ድገሚው” አሉኝ። ደገምኩት። ምላሳቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ አሳየኋቸው፤ የሳቸው እንደ ፈረስ ነበር፣ ግን አላቆሙም። ከዚያ ካፒቴን ሞከረች፣ ከዚያ ያ ጥግ በሙሉ።

ስንመለስ ድምፄ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ፀሐይዋ ከተራሮቹ አናት ላይ ሳለች ካፒቴን ከቦርሳዋ የታጠፈ ነጭ ባንዲራ አውጥታ ከወንበር ወደ ወንበር አሳለፈችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡድኑ ጋር መንገድ የወጣ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል አለችን። የብዙ ዓመት ስም አለበት፤ አንዳንዱ ታጥቦ ደብዝዟል። እኔ ጋ ሲደርስ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ መኪናው እስኪረጋ ጠብቄ፣ ስሜን በራሳችን ፊደል ጻፍኩት። ከሥሩ ቀኑን አስከተልኩ። ከኋላዬ ያለው ልጅ አጎንብሶ አየና ዓመቱን እንደተሳሳትኩ ነገረኝ። መልስ የምሰጥበት ድምፅ ስላልነበረኝ እስክሪብቶውን ብቻ አቀበልኩት። ያላጠፋሁት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.