ቫል ወንዝ የሞላ ለት

የደፈረሰ ውሃ ሽታ፣ ያ የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ ዛሬም በአፍንጫዬ ሲመጣ ግራ ይገባኛል። መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል፤ ይኸ ምን ዓይነት ነገር ነው በለኝ!

የኮሮና ጊዜ ነው። በዕድሜ ከሚበልጠኝ ሸሪኬ ጋር በሰው አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፍተን ነበር። እናቴ አርባ ምንጭ ታማ ተኝታለች፤ በረራ እንደ ልብ የለም። ድምፅዋን ልስማ ብዬ ስደውል፣ ሰሞኑን የሚያነሳው ሁሉ «አሁን ተኝታለች» ይለኛል። አንድ ጊዜ «ልጄ» ስትለኝ ካልሰማሁ እንዴት ልመን?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸሪኬ ሱቁን ዘጋ። ቅዳሜ! ገበያው በሚደራበት ቀን! «ቫል ወንዝ ሞልቷል፣ ዓሣ እናጥምድ» አለኝ። ብላ፣ ብላ እያለ እንቁላል ጠብሶ በግድ አጎረሰኝ። ስልኬን ስፈልግ «ቻርጅ ላይ ነው፣ ተወው» አለ። ሰውዬው ነካ አደረገው እንዴ? አልኩ በልቤ።

የእኛ አገር ጥቅምት ፀሐይ ነው፤ እዚያ ግን የዝናብ መግቢያ ነው። ወንዙ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ እያጓራ ይወርዳል። እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ዓሣ ያለው መሃል ነው ብዬ መንጠቆዬን ወደ መሃል ወረወርኩ። ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው። ደገምኩ፤ ያንንም ወሰደው።

«ጋሼ፣ ይኸ ምኑ ማጥመድ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ዓሣም ነፍስ አለው። ጎርፍ ሲበረታበት ዳር ይይዛል። ከድንጋዩ ኋላ፣ ውሃው ረጋ ያለበት ጣል። በድፍርሱ ምንም አያይም፤ ትል አድርግለት፣ አሽትቶ ይመጣል።»

ሲናገር እኔን አያየኝም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

ጣልኩ። ብዙም አልቆየ፣ ገመዱ ተወጠረ። ባስ የሚሉት ዓሣ፣ ክንዴን የሚያህል፣ እርጥቡ ሣር ላይ ተንፈራገጠ። ደስታዬን አትጠይቀኝ!

«ስልክህን አውጣ ጋሼ! ፎቶ አንሳኝና ለእማዬ እንላክላት!»

ፊቱን አዞረ። ዞር ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከታክሲ ወርደው፣ ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው ቆመዋል። ቤት ውስጥ መሰብሰብ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። እኔ ሞኙ ሳቅኩ።

«እናንተም ልታጠምዱ መጣችሁ?»

አንዲት እናት ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። ለካ ያ ሁሉ ብላ ብላ መርዶ በባዶ ሆድ እንዳይነገረኝ ነበር።

ሰው ሰውን መንካት በፈራበት በዚያ ወራት፣ ሸሪኬ ማስኩን አውልቆ፣ ከነዓሣዬ፣ ከነጭቃዬ ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ» ይለኛል። እኔ ግን ትከሻው ላይ ሆኜ፣

«ጋሼ፣ ፎቶውን እኮ አልላክንላትም» እለዋለሁ።